ከሴቶች በር በላይ ያሉ ድንጋዮች

ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ካየህ እጠበው፤ ለማንም አትናገር። በቤታችን ብዙ ሕግ አልነበረም፤ ይህቺን አንዷን ግን አባቴ አጥብቆ ይዟት ነበር። አቡ ነው የምንለው። የመስጊዱ ጠባቂ ስለነበር የምንኖረው ከመስጊዱ ጎን በተለጠፈች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አንዳንድ ጠዋት የባልዲ ኮሽታ ይቀሰቅሰኛል። በመስኮት ሳይ አቡ በሹራብና በነጠላ ጫማ ሆኖ የመስጊዱን ግድግዳ በብሩሽ ይፈትጋል። ሲገባ እጁ በብርድ ቀልቶ ይታያል።

«ደግሞ?» ትለዋለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ደግሞ።»

«ሐጂ ቡስታን እንዳይሰማ።»

«አብጃለሁ እንዴ የምነግረው?»

በቃ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አቡ ንጽሕና የሚወድ ኩሩ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ግድግዳው ላይ ምን ይጻፍ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እዚህ ደግሜ አፌን አላበላሽም።

ሰፈራችን በሰሜን እንግሊዝ፣ ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ጭስ ማውጫቸው ብቻ የቀረ ከተማ ውስጥ ነው። አያቴ ከትምህርት ቤት ስታመጣኝ የመንገዳችንን ቤተ እምነቶች እንደ ሙሽራ ትገመግማቸው ነበር። የሲኮቹን ቤተ መቅደስ ባለ ወርቅ ጉልላት ታይና «እቺ ደግሞ ጌጥ አበዛች» ትላለች። የዩክሬኖቹን ሰማያዊ በር ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ «እቺ ዓይነ አፋር ናት፤ ውስጧ ነው የሚያምረው» ትላለች፤ መቼ ገብታ እንዳየች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። የኛ ላይ ስንደርስ ግን ቆም ትልና «የኛዋ በሰው ቀሚስ ያማረባት ናት» ብላ ትስቃለች። እውነቷን ነው። መስጊዳችን ድሮ የሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ነበር። ምእመናኑ አልቀው ሲዘጋ አባቶቻችን ገዙት፤ ውስጡን ቀየሩት፣ ውጪውን እንዳለ ተዉት።

ከሴቶች መግቢያ በላይ፣ ከባዱን የድንጋይ ክፈፍ ተሸክመው በአንድ ረድፍ የተሰደሩ ሃያ ሁለት ድንጋዮች ነበሩ። የተቀረጸባቸው ነገር እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ዝናብ በሚበዛበት አገር ሰው ቀና ብሎ አይሄድም።

ሚስተር ሆልሮይድ የመጣው በረመዳን የመጨረሻ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ሸንበቆ የሚያህል ቀጭን ግንበኛ ነበር። የሲኮቹን ደረጃ እሱ ነው የጠገነው፤ የዩክሬኖቹንም ግንብ። በሩ ላይ ጎማ ያለው የብረት መወጣጫ አቆመና ትንሽ መዶሻ ይዞ ወጣ። እያንዳንዱን ድንጋይ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዳንዱን ካዳመጠ በኋላ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ያከብበታል።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሐጂ ቡስታን፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ወጥ ቤታችን ድረስ መጥቶ ከአቡ ጋር ሲነጋገር ከደረጃው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ።

«የራሳችን ሰው ጠፍቶ ነው ይሄን ሽማግሌ የምታመጣው?» አለ።

«ሐጂ ሳሒብ፣ ድንጋይ እንደሱ የሚያውቅ የለም። ዒድ ላይ ሦስት መቶ ሴት ከነልጁ እዚያ ሥር ነው የሚቆመው። ባለፈው የወደቀችውን ቁራጭ አይተዋታል።»

«አያቱ የጠረበው ነው አሉ። ቀና ብሎ ሲያየው ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ሰውዬው ቤቱን ነው የሚፈልገው።»

«ሥራውን ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ቢመጣ ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ገፉር። ቁልፉንም ቤቱንም ለሌላ እንሰጣለን።»

ስለ ድንጋዩና ስለ ሴቶቹ የተባለው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሰውዬው ቤቱን ይፈልጋል፣ እኛም ከቤታችን ልንባረር እንችላለን።

በዚያ ላይ አክስቴ ሻሂዳ የተፋታችው በዚያው ዓመት ነው። ባሏ መጥቶ የሚወስደው ዕቃ ላይ ሁሉ ቀይ ፕላስተር እየለጠፈ ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ። በማግስቱ ጭነውት ሄዱ። እንግዲህ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ክብ ሲሠራ ሳይ ምን ልበል? የሚወስደውን እየመረጠ ነው አልኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ መወጣጫው ሥር ሄጄ ቆምኩ። ከታች ሆኜ ክቦቹን ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለኝ ከላይ።

«ይሄ ያንተ አይደለም» አልኩት።

ሳቀ። «ተይው እንጂ! የማን ነው ታዲያ?»

«የኛ። በገንዘባችን ነው የገዛነው።»

«እሱስ እውነት ነው። ሃያ ሁለቱ ላይ ምን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ብቻ? በየቀኑ በሥሩ እያለፍሽ?» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ጠርጎም አልቆመለትም፣ እንባው ይወርዳል። «አይ ልጄ፣ ባለቤትስ አልሆንሽም።»

ይቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው። ዛሬ ሳስበው ሽማግሌው አላለቀሰም፤ ሃምሳ ዓመት የድንጋይ አቧራ የገባበት ዓይን ብርድ ሲነካው ይፈስሳል፣ በቃ። እኔ ግን ሐጂ ቡስታን ልክ ነው አልኩ።

አመሻሹ ላይ ሚስተር ሆልሮይድ ከመወጣጫው ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ደረቱን ያዘ። አቡ ሮጦ ደገፈው። አምቡላንስ መጥቶ ሲወስደው ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ አቡም አብሮት ሄደ። እኔ የታየኝ ሥራውን ጨርሶ መሄዱ ብቻ ነበር። ነገ ጫኞቹ ይመጣሉ።

ለኢፍጣር አሥር ደቂቃ ሲቀር መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ማዕድ ከቦ ሰዓት ይቆጥራል። ባልዲውንና ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። መወጣጫው ላይ እግሬን ሳደርግ ብረቱ ተንቀጠቀጠ። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ወርጄ ልመለስ አልኩ፤ ሦስት ጊዜ የአቡ ቀይ እጅ ትዝ አለኝና ቀጠልኩ።

ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ክብ ያለበት ድንጋይ ከፊቴ ነው። ጨርቁን ላሳርፍበት ስል እጄ ቆመ። ቀንድ አውጣ! ከነቀንዷ፣ ከነጠመዝማዛ ቤቷ፣ በቅጠል ላይ የምትሄድ ቀንድ አውጣ። መቶ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጣለች። ጠመኔውን አጠብኩ፤ በጣቴም ቀንዷን ነካሁ። ቀጣዩ የስንዴ ዛላ ነበር፤ ፍሬው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ ጉጉት። ቀጥሎ ዓሣ። እሾህ፤ ከነአበባው። እየተናደድኩ፣ እየፈራሁ፣ አፌን ከፍቼ አየሁ። የወይን ዘለላ። ንብ። ስምንተኛው ጥንቸል ነበር፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ የተደበቀች። ይሄን ሁሉ ነው እንዴ ሊወስድብን የነበረው አልኩና ይበልጥ ፈተግሁ።

«ናዚሽ! ናዚሽ!» እናቴ ከቤት ተጣራች። ዘጠነኛውን ሳላየው እንኳ በአንድ እጄ ጠርጌው ወረድኩ። ተምር አጎረሱኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሕጉ እንደዛ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሚስተር ሆልሮይድ እኅት ልጅ ዴሪክ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ወፍራም፣ ፊቱ ቀይ፣ ሁሌ የሚያፏጭ ሰው ነው። መወጣጫው ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር አየና ወረደ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ገፉር» አለው አቡን።

«ምን ተገኘ?»

«ምንም! አጎቴ የሞተ ድንጋይ ካገኘ በጠመኔ ሳያከብብ አይወርድም። ሕያው ድንጋይ ሲመታ ይጮሃል፣ የሞተው ድምፁ ይታፈናል፤ እሱ ደግሞ ጆሮው አይስትም። አንድም ክብ የለም። ክፈፉ ሥር ስለሆነ ዝናብም አይነካው። ግድግዳችሁ ጤነኛ ነው።»

«እሱን መጠየቅ አይቻልም?»

«ትናንት ልቡን ቀደዱት እኮ። እስከ ነገ ከሰዓት ማንንም አያናግርም። አትጨነቅ እባክህ፣ እሱ ካላከበበ የለም ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አቡ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። ያኔውኑ ሐጂ ቡስታን ጋ ሄዶ ነገረው፤ ሐጂም ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዘጠኝ የሞቱ ድንጋዮች። እኔ አጥቤያቸው ሁሉም ሕያው ሆነው ቁጭ አሉ። ዴሪክ እያፏጨ መወጣጫውን ፈታትቶ መኪናው ላይ ጫነ፤ እያንዳንዱ ብረት ሲጫን ልናገር አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ብናገር አቡ ቤቱን ያጣል። ዝም ብል... ዝም ብልስ? ያንን ጨርሼ ማሰብ አልቻልኩም።

ዒድ ቅዳሜ ይሁን እሑድ ገና አልታወቀም ነበር። ማታ ኮሚቴው ስልክ ከብቦ ስለ ጨረቃ ሲከራከር፣ ልጅ ሁሉ ጨረቃዋ ትታይልን ብሎ ሲለምን፣ እኔ ብቻ ያ ረቢ ደብቃት፣ ለአንድ ቀን ደብቃት እል ነበር። አንድ ቀን ቢጨመርልኝ እናገራለሁ ብዬ ነው። እንደማልናገር አሁን አውቃለሁ፤ ያኔም ሳላውቀው አልቀረሁም። ስልኩ ጮኸ፤ ነገ ዒድ ነው ተባለ። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ።

ጠዋት ሴቶቹ በአዲስ ልብስ፣ በአምባርና በሽቶ ወደ በራቸው መጡ። አያቴ ከፊት ናት፤ እናቴ ትንሹን ወንድሜን ዙባይርን ታቅፋ ትከተላታለች። ከኋላቸው ጋሪ የሚገፉ፣ ልጅ የሚጎትቱ፣ እየተሳሳቁ ጫማ የሚያወልቁ። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት እጄን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁት።

«አትገቡም!»

«ትኬት ቁረጡ ልትይን ነው?» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

«እዚህ ሥር አትቁሙ! ይወድቃል!»

አያቴ ጆሮዬን ያዘችኝ። «አንቺ ልጅ፣ በዒድ ጠዋት ምን ለከፈሽ? ዞር በይ!»

«አልሄድም! ይወድቃል፣ ወላሂ ይወድቃል!» ጮህኩ። አለቀስኩ። ጆሮዬ ይነቀል እንጂ እጄን አላወርድም አልኩ።

ጩኸቱን ሰምቶ ሐጂ ቡስታን በነጭ ልብሱ መጣ፤ አቡም ጫማ ማስተካከሉን ትቶ ሮጦ መጣ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ በለቅሶ መሃል፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ዘጠኝ ክብ ነበር። እኔ አጠብኩት።

«ውሸቷን ነው» አለ ሐጂ። «ግንበኛው ትናንት አይቶ የለም እንዴ? ልጅህን ውሰዳት፣ ሰላት ሊጀመር ነው።»

አቡ ቀስ ብሎ መጣና ከበሩ ላይ አንሥቶኝ መንገዱ ላይ አቆመኝ። ከፊቴ ተንበረከከ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እጠቢ ያለሽ ማን ነው?» አለኝ።

«አንተ።»

«እኔ?»

«ግድግዳ ላይ የተጻፈ ይታጠባል፤ ለማንም አይነገርም።»

ሐጂ ቡስታን «ምን ማለቷ ነው?» አለ። አቡ በዚያች ሰዓት ሕፃን ናት፣ ታበዛለች ቢል ያልፍለት ነበር። ቤታችንም የእኛ ሆኖ ይቀር ነበር። ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ወደ ሰዉ ዞረ።

«እውነቷን ነው» አለ። «በዚህ ዓመት ግድግዳችን ላይ ሰባት ጊዜ ተጽፎብናል። ሰባቱንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ፈርተው ይቀራሉ ብዬ ደበቅኋችሁ። ልጄ ያየችውን ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ በር ማንም አይገባም።»

በምርኩዝ የቆመችው ቢቢ ኩልሱም፣ ሰማንያ ዓመቷ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዘጠኝ ጊዜ ነው» አለች። «አንተ ተኝተህ ሁለቱን እኔ አጥቤልሃለሁ።»

አቡ አፉን ያዘ። ከሴቶቹ መሃል ሌላዋ «እኔም አንዴ» አለች። ሌላዋ ደግሞ ባሏን በጎን አይታ ዝም አለች። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም እያወቁ በየጁምዓው ይመጡ ነበር። አቡ ማንን ከምን ሲደብቅ እንደኖረ ዛሬም ድረስ ሳስበው አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

«እና ሴቶቹ በየት ይግቡ?» አለ ሐጂ።

«በእናንተ በር ነዋ» አለች ቢቢ ኩልሱም።

«በወንዶች በር? እንዴት ተደርጎ!»

«ሐጂ ሳሒብ፣ ወይ ያሳልፉን፣ ወይ እዚህ ድንጋዩ ሥር ይቁሙልንና ስንመለስ እናግኝዎት።»

ሐጂ ድንጋዩን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ መንገዱን ለቀቀ።

ሴቶቹ ከበራቸው በጓሮ ደረጃ ወደ ላይኛው ክፍላቸው ከመውጣት በቀር ዋናውን አዳራሽ ረግጠውት አያውቁም። ገብተን ቆምን። ጣሪያው ላይ ጥቁር የእንጨት ቅስቶች እንደተጣመሩ እጆች ተገናኝተው ነበር። ክቡ መስኮት ቀይና ቢጫ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ዘርግቷል። ከፊት ለፊት ኢማሙ የሚቆምበት የሚሕራቡ ሰማያዊ ሸክላ፣ አባቶቻችን ከአገር ቤት ከሙልታን በሣጥን አስመጥተው የለጠፉት፣ ያንን ብርሃን ተቀብሎ ያበራል። የሜቶዲስቶቹ ቅስትና የኛ ሸክላ አንዱ ለሌላው የተሠራ ነበር የሚመስለው። አያቴ ጆሮዬን የያዘችበትን እጅ ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ቀና ብላ ቀረች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ወንዶቹ ለብቻቸው ሲያዩት ነው የኖሩት?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግም አልፈለገች።

ከሰዓት አቡ ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። ሚስተር ሆልሮይድ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት፣ ከአንሶላው ነጥቶ ተኝቷል። አቡ ሁሉንም ነገረው። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ እኔን ነው ያየኝ።

«የትኞቹ ነበሩ?» አለኝ በጭንቅ።

«ቀንድ አውጣዋ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። «የስንዴው ዛላ። ጉጉቱ። ዓሣው። እሾሁ። ወይኑ። ንቧ። ጥንቸሏ።» በእያንዳንዱ አንድ ጣት እየከፈተ ቆጠረ። ስምንተኛው ላይ ቆምኩ። ዘጠነኛውን ጣት ሳይከፍት ጠበቀኝ።

«ዘጠነኛውን አላስታውስም» አልኩ። «እናቴ ጠራችኝ፤ አላየሁትም።»

«ብታዪውም አታስታውሺውም» አለ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው። «ባዶ ነው። አያቴ ሃያ አንዱን ቀርጾ ሞተ። የመጨረሻውን ልሙጡን ሰቀሉት። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ ገፉር፤ በመዶሻ ስነካው ተነቃነቀብኝ። ሰው እንዳታስጠጉበት።»

«የት ጋ ነው ያለው?» አለ አቡ።

«መሃል ላይ። ከበሩ ደፍ ትክክል በላይ።»

አቡ ዞሮ አየኝ። ጠዋት እጄን ዘርግቼ፣ አያቴ ስትጎትተኝ ንቅንቅ አልልም ብዬ፣ ያን ያህል ጊዜ የቆምኩበት ቦታ የት እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን።

ማክሰኞ ዴሪክ መወጣጫውን መልሶ አቁሞ ልሙጡን ድንጋይ በጣቱ ሳብ ቢያደርገው፣ መሣሪያ ሳያነሣ፣ ክንዱ ላይ ወጣለት። የደረሰ በግ ያህል ይከብዳል፤ ሁለት ሆነው ነው ያወረዱት። አቡ ከታች ቆሞ ሲያወርዱት አየ። ከዚያ እጄን ያዘኝ፤ ሰው ሲመጣ፣ ስልክ ሲደወል፣ ሐጂ ቡስታን ሊያናግረው ሲጠራውም፣ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።